ተቆፍሮ የሚረሳ ጉድጓድ የለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ተላከልኝ። ሦስቱም «አንተ የጉድጓድ ሰው ነህ፤ እስኪ ምን ትላለህ?» ነው ያሉኝ። አንዴ አንብቤ ልተወው ነበር። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበባችሁት ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው። የተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓድ ብረትና ሲሚንቶ ነው፤ አንዴ በደንብ ከተሠራ ሰው ሳይነካው ዘመናት ያገለግላል። ቢያፈስም ጋዙ ከአየር ስለሚቀል ሽቅብ ወጥቶ ይበተናል። አደጋ አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፤ ቢያጋጥምም ወዲያው በቁጥጥር ሥር ይውላል። «ውኃችን ተበከለ» የሚባለው የአክቲቪስት ወሬ ነው። ጋዙ ሲያልቅ ባለቤቱ ጉድጓዱን ደፍኖ መሬቱን እንደነበረ ያስረክባል። ደግሞም ጋዝ ከድንጋይ ከሰል በጣም ይሻላል። ስለዚህ አሜሪካ ሆነ የሚባለውን እየሰማን ከመደንገጥ ሶማሌ ክልል ባለው የካሉብ ጋዝ መስክ ላይ በሙሉ ልብ እንግፋበት።

ካሉብ ላይ እንሥራ የሚለውን እኔም እላለሁ። ጋዝ መሬት ውስጥ ተኝቶ እንጀራ አይሆንም። ያልተዋጠልኝ ከዚያ በፊት የተደረደሩት ስድስት ነጥቦች ናቸው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የጋዝ ባለሙያ አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት የውኃ ጉድጓድ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁፋሮ፣ ኋላ ጥገና። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። የጋዙ እጅግ ይጠልቃል፤ ግፊቱም ሌላ ነው። ግን ሁለቱም ኬሲንግ፣ ማለትም የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዝ የብረት ቧንቧ፣ አላቸው፣ ሁለቱም በሲሚንቶ ይታሸጋሉ፣ ሁለቱም ይዝጋሉ። በምረቃቸው ቀን ሁለቱም ጋ ብዙ ሰው ይመጣል። በተበላሹ ቀን የሚመጣው አንድ ቴክኒሻን ነው፤ እሱም መኪና ከተገኘ።

ጸሐፊው አሜሪካን ስላነሱ እኔም ምላሼን በአብዛኛው ከዚያው አመጣለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«አንዴ በደንብ ከተሠራ ሰው ሳይነካው ያገለግላል»

ከዚህ ነጥብ ቶሎ አልወጣም፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነውና።

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ፖርተር ራንችን ታውቁታላችሁ። ከከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ ተራራ ሥር ያለ፣ ቤቱ የሚያምር ሰፈር ነው። ከበላዩ አሊሶ ካንየን የሚባል ቦታ አለ። ድሮ ነዳጅ ይወጣበት ነበር። ነዳጁ ሲሟጠጥ ከሥር ያለው የድንጋይ ንጣፍ የጋዝ መጋዘን ተደረገ። ጋዝ በማይፈለግበት ወቅት ወደ ታች ይገፋል፤ ብርድ ሲመጣ ይወጣል። «ይህማ መጋዘን እንጂ የምርት ጉድጓድ አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው። ብረቱና ሲሚንቶው ግን ያው ብረትና ሲሚንቶ ነው።

ከጉድጓዶቹ አንዱ ኤስኤስ-25 ይባላል። በ1953 ለነዳጅ ነበር የተቆፈረው። በ1970ዎቹ ሥራው ተቀየረና ጋዝ ማመላለስ ጀመረ። ጋዙ የሚመላለሰው በውስጠኛው ቧንቧ ብቻ አልነበረም። በኬሲንጉም ጭምር ነበር። ይህ ለጉድጓድ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። በጋዙና በመሬቱ መካከል የቀረው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። እሱ ከተቀደደ ሌላ የሚይዝለት የለም።

ታች ጥልቁ ላይ የደኅንነት ቫልቭ ነበረው። ቫልቩ ማፍሰስ ጀመረና በ1979 ተነቀለ። አዲስ አልተተካለትም። ዓይነቱ ያረጀ ስለነበር ምትክ በቀላሉ አልተገኘም። ጉድጓዱም ለመኖሪያ ቤት ቅርብ ነው ስላልተባለ ሕጉ አያስገድድም ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። «መለዋወጫ ጠፋ» የሚባለው እኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቫልቩ ከተነቀለ ከ36 ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 23 ቀን 2015፣ የጋዝ ሽታ ተሰማ። ኬሲንጉ ከመሬት በታች 270 ሜትር ገደማ ላይ ተቀድዶ ነበር። ከላይ ከባድ ፈሳሽ እየገፉ ሊያፍኑት ሞከሩ። አልሆነም። ደገሙት፣ ሰለሱት፤ ጭራሽ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው መሬት እየተቦረቦረ ሄደ። በመጨረሻ ከጎን ሌላ ጉድጓድ ቆፍረው ከሥር ያዙት። ይህ ሲሆን ፌብሩዋሪ 2016 ደርሷል። አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን 100,000 ቶን ገደማ ወጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ዘግተው ሆቴልና ኪራይ ቤት ገቡ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተዛወሩ።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ብሌድ ኢነርጂ የተባለ ድርጅት የተቀደደውን ብረት አውጥቶ መረመረና በ2019 ውጤቱን አቀረበ። ኬሲንጉን የበላው ዝገት ነው። ከውጭ በኩል። የከርሰ ምድር ውኃ ይነካው ነበር፤ በውኃው ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ደግሞ ዝገቱን አገዙት። ከዚያ አደጋ በፊት በዚያው መስክ ከ60 በላይ የኬሲንግ መፍሰስ ደርሶ ያውቃል። አንዱም ለምን ሆነ ተብሎ በወጉ አልተመረመረም። ይፈስሳል፣ ይጠገናል፣ ይቀጥላል።

ጸሐፊው «በደንብ ከተሠራ» ይላሉ። ኤስኤስ-25 እኮ ክፉ ሥራ አልነበረም። ከስድሳ ዓመት በላይ ቆሟል። የጎደለው ወርዶ የሚያየው ሰው ነው።

አንድ የራሴን ልጨምር። አንዲት የገጠር ከተማ ፓምፕ ልናወጣ ሄድን። የፓምፑ ቤት ቀለም ተቀብቷል። አጥሩ ታጥሯል። ዘበኛው ዩኒፎርም ለብሷል። ቧንቧውን እየፈታን ስናወጣ የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ደህና ነበሩ። ከዚያ የወጣው ወንፊት ነው። ጣቴን በቀዳዳው አሳለፍኩት። የጥገና መዝገቡን ጠየቅን። መዝገቡ አለ፤ በጥሩ ላስቲክ ተሸፍኗል። ከምረቃው ቀን በኋላ ግን አንዲት መስመር አልተጻፈበትም። ከላይ የሚታየው ነገር ስለታቹ ምንም እንደማይናገር ያኔ ነው የገባኝ።

የአሊሶ ካንየን ባለቤት ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ጋዝ በ2021 ከእናት ኩባንያው ጋር ሆኖ ለከሳሾች እስከ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያ ቫልቭ ስንት ብር ነበር?

«ቢያፈስም ሽቅብ ወጥቶ ይበተናል»

ሚቴን ከአየር መቅለሉ እውነት ነው። ክብደቱ ግማሽ ቢሆን ነው። ወዴት እንደሚበተን ግን ጽሑፉ አልነገረንም። ከባቢ አየር ውስጥ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይቆያል። በሃያ ዓመት ስሌት ሲታይ ሙቀት በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ይበረታል። ዓይን ስለማያየው ጠፋ ማለት አይደለም።

ደግሞ ሽቅብ ብቻ አይሄድም። ካንሳስ ውስጥ ሀቺንሰን የምትባል ከተማ አለች። በጃንዋሪ 2001 መሀል ከተማዋ ላይ ሕንፃ ፈነዳ። በማግስቱ ሌላ ፍንዳታ ሁለት ሰው ገደለ። ጋዙ ከየት መጣ? ከከተማዋ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለ የጋዝ መጋዘን ነው። እዚያ የአንድ ጉድጓድ ኬሲንግ ተጎድቶ ነበር። ጋዙ በመሬት ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ፣ ሰው በረሳቸው የድሮ የጨው ውኃ ጉድጓዶች በኩል ከተማው መሀል ብቅ አለ። የተረሳ ጉድጓድ ለጋዝ በር ነው።

ሌላው የሽታው ጉዳይ ነው። ቤት የምናውቀው የጋዝ ሽታ የራሱ የጋዙ አይደለም። ሰው እንዲያውቅበት ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። የፖርተር ራንች ሰዎች ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ሲነስራቸውና ሲያስመልሳቸው ቢያንስ ሽታው አስጠንቅቋቸዋል። መጋዘን የነበረው ጋዝ ሽታ ተጨምሮበት ነበርና። ከምርት ጉድጓድ አፍ ላይ የሚያፈተልክ ሚቴን ግን አይሸትም፣ አይታይም። እረኛው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሊውል ይችላል።

አንዳንድ መስክ ላይ ደግሞ ከሚቴኑ ጋር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አብሮ ይወጣል። እሱ ከአየር ይከብዳል። ሽቅብ አይወጣም፣ ሸለቆ ለሸለቆ ይተኛል። ቻይና ውስጥ፣ ቾንግቺንግ አጠገብ ካይሺየን በተባለ ወረዳ፣ ዲሴምበር 23 ቀን 2003 ማታ አንድ እየተቆፈረ ያለ የጋዝ ጉድጓድ ገነፈለ። 243 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ በዙሪያው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ግፊቱ ወደ መሰርሰሪያው ቧንቧ ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክለው ቫልቭ ቀደም ብሎ ተነቅሎ ነበር። ደግሞ የተነቀለ ቫልቭ!

«አደጋ አልፎ አልፎ ነው፤ ወዲያው በቁጥጥር ሥር ይውላል»

«ወዲያው» የምትለውን ቃል እንያት። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2018፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ፓውሃታን ፖይንት አጠገብ የኤክስቲኦ ኢነርጂ ጉድጓድ ገነፈለ። የኤክሰን ሞቢል ንብረት ነው። ድሃ ድርጅት አይደለም፤ በዓለም ላይ ገንዘብም ባለሙያም ካላቸው ኩባንያዎች አንዱ ነው። 20 ቀን ወሰደበት። ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ምን ያህል ጋዝ እንደወጣ የታወቀው ከሰማይ ነው። የአውሮፓ ሳተላይት በአጋጣሚ ሲያልፍ አየው፤ በሰዓት 120 ቶን ገደማ። ተመራማሪዎች ሒሳቡን በ2019 ሲያወጡት በጠቅላላው 60,000 ቶን አካባቢ ሆነ። ይህ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ከነዳጅና ጋዝ ዘርፋቸው በዓመት ከሚለቁት ይበልጣል። አንድ ጉድጓድ፣ ሃያ ቀን።

የፔንሲልቬንያው ታሪክ ደግሞ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2014፣ ግሪን ካውንቲ ውስጥ ዳንካርድ በሚባል ቦታ የሼቭሮን ጉድጓድ ተቃጠለ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ሞተ። እሳቱ ለቀናት ነደደ። የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ የጉድጓዱ ራስ ላይ ያለ አንድ መቆለፊያ ብሎን ከነዳዶው ተፈናጥሮ መውጣቱ ታወቀ። ልምድ የሌለው ሠራተኛ ያለ በቂ ክትትል እዚያ ቦታ እንዲሠራ መደረጉም ተወቀሰ። አንድ ብሎን! ይህ በሆነ በቀናት ውስጥ ኩባንያው ለአካባቢው ነዋሪዎች ስለ ትዕግሥታችሁ ብሎ የነፃ ፒዛ ኩፖን አደለ። ትልቅ ፒዛ፣ ከሁለት ሊትር ለስላሳ ጋር። አልቀለድኩም።

እነዚህ ጎልተው የወጡት ናቸው። ጸሐፊው «አልፎ አልፎ» ያሉት እነዚህን ብቻ ቆጥረው ከሆነ አልፈርድባቸውም። ትልቁ ነገር ያለው ግን ጋዜጣ ላይ በማይወጣው ውስጥ ነው። የማጠራቀሚያው ታንከር ክዳን ጓርኒሲዮኑ ደርቆ አይገጥምም። ወይም ሠራተኛው ለክቶ ሲያበቃ ክዳኑን ሳይቆልፈው ሄዷል። ጋዝና ፈሳሽ የሚለየው ዕቃ ቫልቩ ተይዞ ክፍት ቀርቷል። የሚነደው ችቦ በነፋስ ጠፍቶ ጋዙ ሳይቃጠል ይወጣል። ብዙ የጉድጓድ ሥፍራዎች ደግሞ መብራት የላቸውም። ስለዚህ ቫልቭ የሚከፍቱና የሚዘጉት መሣሪያዎች የሚንቀሳቀሱት በራሱ በጋዙ ግፊት ነው። በከፈቱና በዘጉ ቁጥር ጋዝ ይተነፍሳሉ። ብልሽት አይደለም፤ ሲሠሩም እንዲያ ነው የታሰቡት።

በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን ሁሉ ደምሮ አየው። ከአሜሪካ የጋዝ ምርት 2.3 ከመቶ ያህሉ ገበያ ሳይደርስ ያፈተልካል። መንግሥት ራሱ ይገምት ከነበረው በ60 ከመቶ ይበልጣል። ልዩነቱ የመጣው የመንግሥቱ ስሌት ዕቃው በትክክል ሲሠራ ያለውን ስለሚቆጥር ነው። ተመራማሪዎቹ ዕቃው የተበላሸበትም ቦታ ደረሱ።

ከዚህ ይበልጥ የገረመኝ በ2022 የወጣው ነው። ከአሜሪካ የነዳጅና ጋዝ ጉድጓድ ሥፍራዎች 80 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ትንሽ ትንሽ የሚያወጡ ናቸው። ሁሉም ተደምረው ከአገሪቱ ምርት 6 ከመቶ ቢሸፍኑ ነው። ከጉድጓድ ሥፍራዎች ከሚያፈተልከው ሚቴን ግን ግማሽ ያህሉ ከእነሱ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። የአዲስ አበባን አሮጌ ላዳ ታክሲ አስቡ። የምታስገባው ገንዘብ የቤንዚኗን ያህል ሲሆን ማን ሞተር ያድስላታል? እስክትቆም ትነዳለች፤ ጭሷን ሰፈሩ ይማጋል።

«ውኃ ተበከለ የሚባለው ወሬ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል። ልስጣቸው። አሜሪካ ውስጥ የቧንቧ ውኃ በክብሪት ሲነድ የሚያሳይ ቪዲዮ ሁሉ የቁፋሮ ውጤት አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬንያ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊትም ሚቴን ያለበት የግል ጉድጓድ ነበር። ጋዙ እንዲወጣ በፈሳሽ ግፊት የሚሰነጠቀው ድንጋይም ከውኃው ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ነው። ስንጥቁ ያን ሁሉ አልፎ ውኃ ውስጥ ገባ ማለት ይከብዳል።

ግን ጋዙ ስንጥቅ አያስፈልገውም። የተቆፈረለት ቀጥ ያለ መንገድ አለው። በኬሲንጉና በድንጋዩ መካከል ያለው ሲሚንቶ ክፍተት ካለው ጋዝ በዚያ ሽቅብ ይወጣና የውኃውን ንጣፍ ያገኛል። እኔ በሙያዬ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ይህ ነው፤ በጋዝ ሳይሆን በፍሳሽ። ላይኛው ሲሚንቶ ተቻኩሎ የፈሰሰ ጉድጓድ ክረምት ሲመጣ የጎርፉን ቆሻሻ ይጠጣል።

ዳይመክ የተባለችው የፔንሲልቬንያ መንደር የገጠማት ይኸው ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 የአንድ ቤት የውኃ ጉድጓድ ፈንድቶ የሲሚንቶ ክዳኑ ተሰባበረ። የግዛቱ መሥሪያ ቤት ካቦት የተባለውን ኩባንያ ጋዝ ወደ ውኃው እንዲገባ አድርገሃል አለው፤ በአካባቢው አዲስ ቁፋሮም አገደበት። ኩባንያው «ጋዙ ድሮም የነበረ ነው» አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ2020 የወንጀል ክስ ቀረበ። በኖቬምበር 2022፣ ስሙን ኮተራ ብሎ የቀየረው ኩባንያ ክሱን አልከራከርም አለና ለመንደሩ የቧንቧ ውኃ መስመር ማስገቢያ 16.29 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ወሬ 16 ሚሊዮን ዶላር አያስከፍልም።

አሥራ ሦስት ዓመት ለምን ፈጀ? ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ቤት ውኃ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሳምንት ባለቀ ነበር። ፔንሲልቬንያ ትምህርቱን ወስዳ በ2012 ሕግ አወጣች። ከጋዝ ጉድጓድ 2,500 ጫማ ክልል ውስጥ፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ውኃ ከተበላሸ ጥፋተኛው ቆፋሪው እንደሆነ ይገመታል። አይደለሁም የሚል ቀድሞ የለካውን ውጤት ያምጣ። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ ሳይቆፍሩ በፊት ራሳቸው እየዞሩ ውኃ መለካት ልማድ አደረጉ። ደስ የሚል ሕግ ነው። ማንንም ሳይሰድብ ሁሉንም ሥራ አስያዘ።

ከጋዙ ጋር የሚወጣውን ውኃ ደግሞ ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም። ከባሕር ውኃ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ጨው አለው፤ የፔንሲልቬንያው ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርም ይይዛል። መጀመሪያ ላይ ወደ ከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ ይላክ ነበር። ማጣሪያው ግን ጨው አያጠራም፤ ተቀብሎ ወደ ወንዝ ማሳለፍ ብቻ ነው። በ2011 ግዛቱ ይቁም አለ።

«ሲያልቅ ደፍነው መሬቱን ያስረክባሉ»

ሕጉማ እንዲያ ይላል። አሜሪካ የመጀመሪያውን ስመ ጥር የነዳጅ ጉድጓዷን የቆፈረችው በ1859 በዚችው ፔንሲልቬንያ ነው። ከዚያ ወዲህ ግዛቷ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ብዙዎቹ የት እንዳሉ ራሱ መዝገብ የላቸውም። ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ ሰው ሳሎን ሥር ይገኛሉ። አንዳንዶቹ የተደፈኑት በግንድና በድንጋይ ነው። በመላ አገሪቱ ደግሞ የተተዉት የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች ከሦስት ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ይገምታል። አብዛኞቹ አልተደፈኑም።

«ያ የድሮ ነው» ይባል ይሆናል። አሠራሩ ግን አሁንም አለ። ጉድጓዱ ጎልማሳ ሳለ የትልቅ ኩባንያ ነው። ምርቱ ሲቀንስ ለመካከለኛ ይሸጣል። መካከለኛው ለትንሽ ይሸጣል። ትንሹ ይከስራል። ከዚያ ጉድጓዱ ወላጅ አልባ ነው፤ እነሱም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ለዚህ ነው አስቀድሞ የዋስትና ገንዘብ የሚያዘው። ግን ስንት? ፔንሲልቬንያ ለአንድ ተራ ጉድጓድ የምትጠይቀው 2,500 ዶላር ነበር። ብዙ ጉድጓድ ላለው 25,000 ዶላር በጥቅል ይበቃው ነበር። በ2021 በወጣ ጥናት መሠረት አንድ ጉድጓድ ደፍኖ መሬቱን ለማስተካከል የሚወጣው መካከለኛ ወጪ 76,000 ዶላር ገደማ ነው። እንግዲህ 2,500 ያስያዘ ሰው 76,000 ከሚያወጣ ጥሎ ቢሄድ ያዋጣዋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኼ ነው።

የፌዴራል መሬት ላይ ደግሞ ዝቅተኛው ዋስትና ለአንድ ሊዝ 10,000 ዶላር ነበር። ቁጥሩ የተወሰነው በ1960 ነው። በ2024 ወደ 150,000 ከፍ እስኪል ድረስ አልተነካም። ስልሳ አራት ዓመት! በመሀል የተከማቸውን ጣጣ ለማጽዳት የአሜሪካ ምክር ቤት በ2021 ያጸደቀው 4.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከግብር ከፋዩ ኪስ። እዚያ ታክሲ የምትነዱ፣ ነርስ የሆናችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተም አዋጥታችኋል።

«ከድንጋይ ከሰል ይሻላል»

ይሻላል። ሲቃጠል የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ያህል ነው፤ አመዱና ጥላሸቱም የለም። ግን ብልጫው በመንገድ ላይ ምን ያህል እንዳፈሰሰ ይወሰናል። የሚያፈተልከው ከ3 ከመቶ እያለፈ ሲሄድ፣ ኃይል ማመንጫ ላይ ያለው የአጭር ጊዜ ጥቅሙ እየተበላ ይሄዳል። ነገሩ ተመልሶ ያቺ ጓርኒሲዮን ላይ ይወድቃል።

ስለ ካሉብ

ጸሐፊው ካሉብን እንደ አዲስ መስክ ነው የሚያወሩት። ጋዙ የተገኘው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ቴኔኮ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1980ዎቹ ሶቪየቶች ቆፈሩ። ከዚያ ኩባንያ መጣ፣ ኩባንያ ሄደ። በኦክቶበር 2025 የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ፤ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተን ደስ ብሎናል። ሆኖም እዚያ መሬት ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ በ2025 የገባ አይደለም። ከፊሉ ግማሽ ምዕት ዓመት ሞልቶታል። እንደ ኤስኤስ-25 ሁሉ ለአንድ ዘመን ተሠርቶ ለሌላ ዘመን የደረሰ ነው።

በ2020 የካሉብ አካባቢ ነዋሪዎች ያልለመድነው በሽታ ገባብን ብለው ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ተናገሩ። ባለሥልጣናት ከጋዙ ጋር አይገናኝም አሉ። እዚህ ላይ ዳኛ አልሆንም። የዳይመክን አሥራ ሦስት ዓመት ግን አስታውሳለሁ። የአርብቶ አደሩ ቢርካ (የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያው) እና ጉድጓድ ዛሬ ቢለካ፣ ውጤቱም በሶማልኛና በአማርኛ ወረዳው ላይ ቢለጠፍ፣ ለነዋሪውም ለኩባንያውም መከራከሪያ ይሆናል። ላቦራቶሪ አለን። የውኃ ሰዎችም አለን፤ ከነሱ ጋር ሠርቻለሁ። ወጪው ከአንድ የምረቃ ድንኳን አይበልጥም።

የዋስትናውም ጉዳይ አሁን ነው የሚነሳው። ጉድጓዱ ገንዘብ እያመጣ ሳለ ከገቢው እየተቀነሰ ለመድፈኛው ሊቀመጥ ይችላል። ካረጀ በኋላ ማን ይከፍላል?

ጸሐፊው መልስ ካላቸው በደስታ አነባለሁ፤ ስድብ እስካልሆነ ድረስ። አንድ ነገር ግን አደራ። ካሉብ ላይ ከቴኔኮ ዘመን ጀምሮ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ኬሲንጋቸው ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ እንደሆነ፣ መዝገቡም የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚገኝ የሚያውቁ ከሆነ፣ ቢሮ ቁጥሩን ጨምረው ይጻፉልኝ። እሄዳለሁ።